«ስሌቱን አሳዩን»፦ የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምርጫ የሰረዘበት ዓርብ

ነሐሴ 26 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ናይሮቢ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ዋና ዳኛው ዴቪድ ማራጋ ወረቀታቸውን ይዘው ማንበብ ሲጀምሩ «አቤቱታው ውድቅ ነው» ከሚል በቀር ሌላ ነገር የጠበቀ ሰው ጥቂት ነው። በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት «አሸነፍኩ» ያለበትን ምርጫ የሰረዘ ፍርድ ቤት በአፍሪካ እስከዚያ ጠዋት ድረስ አልታየም።

ማራጋ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ አነበቡ። ምርጫው በሕገ መንግሥቱ መሠረት አልተካሄደም። ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ አሸነፉ የተባለበት ውጤት ፈራሽ ነው። በ60 ቀን ውስጥ አዲስ ምርጫ ይደረግ። ቪዲዮውን አሁንም አልፎ አልፎ ከፍቼ አየዋለሁ። አቤት ባዩ የተቃዋሚው መሪ ራይላ ኦዲንጋ ጡጫቸውን ጨብጠው ወደ ላይ ሲያነሡ ይታያሉ። ደጅ ያለው ሕዝብ በደስታ ያብዳል። ዳኛው ግን ልክ የቀጠሮ ቀን እንደሚነግር ሰው ናቸው።

(ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ። ኬንያውያን «የ2017ቱ» የሚሉት ምርጫ የእኛ 2009 ነው።)

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያስታውሰው «ጀግና ዳኛ ፕሬዚዳንቱን ጣለ» ብሎ ነው። እኔ እንደማየው ግን ፍርድ ቤቱ ማንንም አልጣለም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ቁጥር ላይ እንዴት ደረሳችሁ? ጉዱ ሁሉ የመጣው መልስ በመጥፋቱ ነው።

«ፍርድ ቤት አልሄድም»

ወደ ኋላ እንመለስ። በ2000 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የያኔው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ አሸነፉ ሲባል ራይላ «ተሰረቅሁ» አሉ። ፍርድ ቤት ግን አልሄዱም። «ዳኞቹ የመንግሥት ናቸው፤ እዚያ ሄጄ ምን አገኛለሁ?» ነበር ነገሩ። ክርክሩ ወደ ጎዳና ወጣ። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። 600,000 ገደማ ሕዝብ ተፈናቀለ። ኬንያውያን ዛሬም ስለ ምርጫ ሲያወሩ ድምፃቸው ቀነስ የሚለው በዚያ የተነሣ ነው።

የነሐሴ 2002ቱ ሕገ መንግሥት የዚያ ደም ልጅ ነው። አዲስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ነባር ዳኞች አንድ በአንድ እየተጠሩ ተፈተሹ፤ የተባረሩም አሉ። የፕሬዚዳንት ምርጫ ክርክር በቀጥታ ለዚህ አዲስ ፍርድ ቤት ተሰጠ። የተከፋ ሰው በ7 ቀን ውስጥ አቤቱታ ያስገባል። ዳኞቹ በ14 ቀን ውስጥ ይወስናሉ።

(እኛ አገር የሕገ መንግሥት ትርጉም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥራ ነው። በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ጉዳዩ በአጣሪ ጉባኤ በኩል ለዚያው ምክር ቤት ሄዶ በድምፅ ተወሰነ። ኬንያውያን ለዳኛ የሰጡትን ነገር እኛ ለፖለቲከኛ ሰጥተናል። የኬንያን ታሪክ ስናነብ ይህን ልዩነት መያዝ ይጠቅማል።)

በ2005 ራይላ ይህን በር ሞከሩት። ኡሁሩ ኬንያታ 50.07 በመቶ አግኝተዋል ተብሎ ነበር። ጠበቆቻቸው 900 ገጽ ገደማ ተጨማሪ ማስረጃ ይዘው መጡ። ፍርድ ቤቱ «ዘግይታችኋል» ብሎ መለሰው። አቤቱታውም በሙሉ ድምፅ ውድቅ ሆነ። ስለዚህ በ2009 በኡሁሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተሸነፉ ሲባል የራይላ ሰዎች መጀመሪያ ያሉት «ፍርድ ቤትማ አንሄድም፤ እዚያ ነበርን» ነው። ሐሳባቸውን የለወጡት ከቀናት በኋላ ነው።

ከምርጫው በፊት አንድ ሰው ተገደለ

ድምፅ ሊሰጥ ሳምንት ሲቀረው የምርጫ ኮሚሽኑ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ክሪስ ምሳንዶ ጠፉ። ሬሳቸው ናይሮቢ ዳርቻ ተገኘ። ተሠቃይተው ነበር የተገደሉት። ውጤት ከጣቢያ ወደ ማዕከል የሚተላለፍበትን ሥርዓት ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ይህን ይዛችሁ ቀጣዩን አንብቡ።

ነሐሴ 2 ሕዝቡ ተሰልፎ መረጠ። 40,883 የምርጫ ጣቢያ። እያንዳንዱ ጣቢያ ቆጥሮ ሲጨርስ ውጤቱን «ቅጽ 34ኤ» በሚባል ወረቀት ላይ ይሞላል፤ ወኪሎች ይፈርማሉ። ወረቀቱ ፎቶ ይነሣና ከቁጥሩ ጋር ይላካል። የየምርጫ ክልሉ ድምር በ34ቢ ይሞላል። የአገሪቱ ድምር ደግሞ በ34ሲ። ሥርዓቱ ይኸው ነው፦ ወረቀት፣ ፎቶ፣ ድምር። ምርጫው ሊደርስ ሲል የይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ነገር አጽንቶ ነበር። በምርጫ ክልል ደረጃ የተነገረ ውጤት የመጨረሻ ነው፤ ናይሮቢ ያለው ሊቀመንበር ሊነካካው አይችልም።

የዚያን ቀን ማታ ቁጥሮች በቴሌቪዥን ይጎርፉ ጀመር። ፎቶዎቹ ግን የሉም። ቁጥር አለ፣ ወረቀት የለም። ራይላን ያናደደው ሌላም ነገር ነበር፦ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ መጨረሻው 11 በመቶ አካባቢ ተገትሮ ቀረ። በኋላ በስዋሂሊ «ቪፋራንጋ ቭያ ኮምፒውታ» አሏቸው፤ ኮምፒውተር የፈለፈላቸው ጫጩቶች ማለት ነው። ስድቡ አገር ምድሩን አዳረሰ።

ነሐሴ 5 የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ዋፉላ ቼቡካቲ ውጤት አወጁ። ኡሁሩ 8.2 ሚሊዮን፣ ራይላ 6.76 ሚሊዮን። 54.27 በመቶ ለ44.74። በዚያ ሰዓት የ34ኤ ቅጾች ሁሉ ማዕከሉ አልገቡም ነበር። የራይላ ደጋፊዎች የሚበዙባቸው የኪሱሙና የናይሮቢ ሠፈሮች ተረበሹ። ፖሊስ ተኮሰ፣ ደበደበ። ኪሱሙ ውስጥ በእናቷ እቅፍ ሳለች የተመታች የ6 ወር ሕፃን ሞተች።

የውጭ ታዛቢዎችስ? የካርተር ማዕከልን ቡድን የመሩት ጆን ኬሪ ሥርዓቱን አሞገሱ። የአፍሪካ ኅብረት ቡድን በታቦ ምቤኪ ይመራ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረትም ነበረ። ድምፅ አሰጣጡን አዩ፤ ሰልፉ ሰላማዊ ነበር። ሰልፍ ማየት ቀላል ነው። ነገሩ የተበላሸው ግን ሰልፉ ከተበተነ በኋላ ነው፤ እዚያ ደግሞ ታዛቢ ብዙ የሚያየው ነገር የለም።

14 ቀን

አቤቱታው የገባው በመጨረሻው ቀን፣ ነሐሴ 12፣ በሌሊት ነው። በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ሰነድ በካርቶን በካርቶን እየተጫነ ለሬጅስትራሩ ተራገፈ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ።

ማራጋ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ናቸው። ለሹመት ሲጠየቁ እንኳ ቅዳሜ ችሎት እንደማይቀመጡ በግልጽ ተናግረው ነበር። 14 ቀን ብቻ ባለው መዝገብ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ የቅድመ ችሎት ስብሰባው ቅዳሜ ማታ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ተደረገ። ይህችን ዝርዝር እወዳታለሁ። ሰውየው ሕግም ቢሆን ሰንበትም ቢሆን አያጠጋጉም።

ክርክሩ ውስጥ ስም ያላቸው ጠበቆች ሁሉ አሉ። ለራይላ ጄምስ ኦሬንጎ፣ ለኡሁሩ ፍሬድ ንጋቲያና አሕመድናስር አብዱላሂ። ነገሩ የተለወጠው ግን በንግግር አልነበረም፤ በሰርቨር ነው፤ ውጤቱ በተከማቸበት የኮሚሽኑ ዋና ኮምፒውተር። ነሐሴ 22 ፍርድ ቤቱ ለኮሚሽኑ ትእዛዝ ሰጠ፦ ሰርቨሩን ክፈቱ፤ የሁለቱም ወገን ባለሙያዎች ይዩት፤ ምንም አይነኩም፣ ማየት ብቻ። ኮሚሽኑ ዛሬ ነገ አለ። የደኅንነት ስጋት አለ አለ። ጥቂት ነገር አሳየ፤ ዋናውን አላሳየም።

በዚያው ሰሞን ሬጅስትራሩ ዋናዎቹን ቅጾች አስመርምሮ ሪፖርት አቀረበ። የጥበቃ ምልክት የሌላቸው፣ ተከታታይ ቁጥር የሌላቸው፣ ፊርማ የሌላቸው ቅጾች ተገኙ። ከሁሉ የሚገርመው ግን 34ሲ ነው፤ ፕሬዚዳንት የታወጀበት ያ አንድ ወረቀት። እሱም የውሃ ምልክት አልነበረውም። ፎቶ ኮፒ ይመስል ነበር። ለመንጃ ፈቃድ እንኳ ኦሪጅናል ነው የምንጠየቀው!

ዳኞቹ ያደረጉት በእኛ ፍርድ ቤቶችም የታወቀ ነገር ነው። ማስረጃ በእጅህ እያለ «አምጣ» ተብለህ ካላመጣህ፣ ያንተን ጉዳይ የሚጎዳ ነገር አለበት ተብሎ ይገመታል። ወይ ሥርዓቱ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል፣ ወይ የራሳችሁ ሰዎች ነካክተውታል፣ ወይ ደግሞ ከነጭራሹ አልሠራም። የትኛውም ቢሆን ውጤቱ ሊታመን አይችልም።

ከሰባቱ ዳኞች አንዱ፣ መሐመድ ኢብራሂም፣ ታመው አልተገኙም። ከቀሩት ስድስት አራቱ ሰረዙ፦ ማራጋ፣ ምክትላቸው ፊሎሜና ምዊሉ፣ ስሞኪን ዋንጃላና አይዛክ ሌናኦላ። ጃክቶን ኦጅዋንግና ንጆኪ ንዱንጉ ተለዩ። የተለዩት ሁለቱ ያሉት ተራ ነገር አይደለም፦ ወረቀት ላይ ስህተት አለ፤ ግን 1.4 ሚሊዮን ድምፅ የሚያህል ልዩነት ተሳስቷል ብሎ ያረጋገጠ የለም፤ ታዲያ የዚህን ሁሉ ሰው ምርጫ በምን ሒሳብ እንጥላለን?

ኡሁሩ ራሳቸው አጭበርብረዋል የሚል ነገር ፍርዱ ውስጥ የለም። ጥፋቱ የኮሚሽኑ ነው ተባለ።

«ወይም»

ሙሉው ፍርድ መስከረም 10 ቀን 2010 ተነበበ። ለእኔ የጉዳዩ ልብ እዚያ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ናት።

የምርጫ ሕጉ አንቀጽ 83 ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ምርጫው በሕገ መንግሥቱ መርሆዎች መሠረት ከተካሄደ፣ *ወይም* ጥሰቱ ውጤቱን ካልነካ፣ ምርጫ አይሰረዝም። ለዓመታት ይህ የተነበበው ከሳሹን በሚከብድ መንገድ ነበር፤ ሕግ ተጥሷል ማለት አይበቃም፣ ውጤቱ እንደተለወጠ አሳይ። አራቱ ዳኞች «ወይም»ን ይዘው ሁለት የተለያየ በር አደረጉት። አቤት ባዩ ሕገ መንግሥታዊው ሥርዓት መጣሱን ካሳየ በቂ ነው። ወይም ውጤቱ መነካቱን ካሳየ በቂ ነው።

እዚህ ላይ ነው የሒሳብ ክፍሉ ምሳሌ የሚመጣው። ዳኞቹ በትምህርት ቤት የተማርነውን አስታወሱ፤ መልስ ብቻ አይበቃም፣ ወደ መልሱ ያደረሰህ መንገድ መታየት አለበት። ፈተና ላይ መልሱን ብቻ ጽፎ «ዝቅ» የተደረገ ሁሉ ይገባዋል። መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ከጎረቤትህ አለመቅዳትህን በምን እንወቅ?

እውነቱን ለመናገር፣ በቋንቋ ብቻ ካየነው የተለዩት የሁለቱ ዳኞች ንባብም ስሜት ይሰጣል። «ይህ ወይም ያ ካለ አይሰረዝም» ማለት አንዱ ምርጫውን ያድነዋል ማለትም ይሆናል። የሕግ ሰዎች በዚህ ገና ይከራከራሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላው ነገር ነው። ሰርቨሩን አልከፍትም ያለ አካል «ውጤቱ መለወጡን አሳዩ» ሊል አይገባውም። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ «ግባና ፈልግ» እንደማለት ነው።

ገዢው ፓርቲም የቃሏን ጉልበት አልሳታትም። በሳምንታት ውስጥ ፓርላማው የምርጫ ሕግ ማሻሻያ አወጣ። «ወይም» የምትለው ወጥታ «እና» ገባች። (አስቂኙ ነገር፣ ዐረፍተ ነገሩን በቀጥታ ብታነቡት «እና» መሰረዝን የባሰ ያቀልለዋል። በንዴት የተጻፈ ሕግ እንዲህ ነው።) ኡሁሩ አልፈረሙም፤ ጊዜው ሲያልፍ በራሱ ሕግ ሆነ። ከወራት በኋላ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህንንም ጨምሮ ብዙዎቹን አንቀጾች ሻራቸው።

ሁለት ዳኛ የመጣበት ቀን

ውሳኔው በተሰጠ ቀን ኡሁሩ መጀመሪያ በቴሌቪዥን ቀርበው «አልስማማም፤ ግን አከብራለሁ» አሉ። ሕዝቡ በሰላም እንዲኖር ለመኑ። ጥሩ ንግግር ነበር። ከሰዓታት በኋላ ናይሮቢ ገበያ ውስጥ ደጋፊዎቻቸው መሀል ቆመው ዳኞቹን «ዋኮራ» አሏቸው። ወሮበሎች እንደማለት ነው። ማራጋ ከሥልጣን ላይ ካለ ፕሬዚዳንት ጋር እንደተጋጠሙ እንዲያውቁትም ነገሯቸው። በማግስቱ ደግሞ የፍትሕ አካሉ ችግር እንዳለበት፣ እንደሚመለሱበትም ተናገሩ።

ፍርድ ቤቱ ደጅ ሰልፈኛ ተሰበሰበ። ማራጋ መግለጫ ሰጥተው ዛቻ እየደረሰ መሆኑንና የፖሊስ አዛዡ ጥበቃ እንዳልሰጡ ተናገሩ። ዳኞቹ ሕገ መንግሥቱን ለመጠበቅ የመጨረሻውን ዋጋ ለመክፈል ዝግጁ ናቸው አሉ። ፖሊስ ክሱን አስተባበለ።

አዲሱ ምርጫ ለጥቅምት 16 ተቆረጠ። መስከረም 30 ራይላ «ኮሚሽኑ ሳይስተካከል አልገባም» ብለው ወጡ። የኮሚሽኑ አባል ሮዝሊን አኮምቤ ኒው ዮርክ ሄደው ከዚያ ሥራቸውን ለቀቁ። ምርጫው እንዲራዘም የሚጠይቅ አቤቱታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ገባ፤ ለጥቅምት 15፣ ለምርጫው ዋዜማ ተቀጠረ። መንግሥት ያን ቀን የሕዝብ በዓል አደረገው። ማራጋ «እንቀመጣለን» አሉ። ችሎቱ ሊነጋ ሲል፣ ጥቅምት 14 ማታ፣ የምክትል ዋና ዳኛዋ የምዊሉ ጠባቂ በጥይት ቆሰሉ። ምዊሉ ራሳቸው መኪናው ውስጥ አልነበሩም።

ጠዋት ጠበቆች መጡ፣ ጋዜጠኞች መጡ። ምልዓተ ጉባኤው አምስት ነው። የመጡት ዳኞች ሁለት ናቸው፦ ማራጋና ሌናኦላ። ማራጋ ያልመጡትን አንድ በአንድ ገለጹ። ምዊሉ ማታ በሆነው ነገር ምክንያት አልቻሉም። ኢብራሂም ለሕክምና ውጭ አገር ናቸው። ንዱንጉ ወደ ናይሮቢ የሚያመጣ አውሮፕላን አላገኙም። ሌሎቹ ሁለቱም ሊመጡ አልቻሉም። ችሎት የለም። በቃ።

ማን ምን እንደፈራ እኔ አልገምትም። ግን በነሐሴ ያ ሁሉ ጉልበት የነበረው ተቋም በጥቅምት አምስት ሰው ወንበር ላይ ማስቀመጥ አቃተው። ምንም አዋጅ አልተሻረም፤ ማንም አልተባረረም። ሰው አልመጣም፤ ያ ብቻ።

በማግስቱ ምርጫው ተካሄደ። ኡሁሩ 98 በመቶ አገኙ። የመራጩ ተሳትፎ ከነሐሴው ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ 39 በመቶ ገደማ ነበር። ኪሱሙን ጨምሮ በአራት አውራጃዎች ድምፅ አልተሰጠም። ኅዳር 11 ያው ፍርድ ቤት ይህንን ምርጫ በሙሉ ድምፅ አጸና። ኅዳር 19 ኡሁሩ ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ሒሳብ ማወራረድ

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ አይተረክም። ጥር 22 ራይላ «የሕዝብ ፕሬዚዳንት» ብለው በአደባባይ ማሉ። መንግሥት ሦስት ትልልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ዘጋ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት «ክፈቱ» አለ፤ ቀናት ወሰደ። አብሯቸው የቆሙት ጠበቃ ሚጉና ሚጉና እንዲለቀቁ ፍርድ ቤት ቢያዝም ወደ ካናዳ ተጫኑ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩና የፖሊስ አዛዡ ፍርድ ቤት በመድፈር እያንዳንዳቸው 200,000 ሺሊንግ ተቀጡ። የካቲት 30 ኡሁሩና ራይላ ተጨባበጡ። ፖለቲከኞቹ ታረቁ። ዳኞቹን ግን ማንም አላስታረቃቸውም።

ምዊሉ በዓመቱ ከፍርድ ቤቱ ሕንፃ ተይዘው ተከሰሱ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2011 ክሱን ዘጋው። ለሹመት የተላኩ 41 ዳኞች ስም ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ተቀመጠ። ማራጋ በአደባባይ ወጥተው አማረሩ። እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ 34ቱ ተሾሙ፤ ስድስቱ ቀሩ፤ አንዱ ሹመቱን ሳያዩ ሞተዋል።

አሁን ወደ 2014 ዝለሉ። ራይላ ለአምስተኛ ጊዜ ተወዳደሩ። በዚህ ጊዜ ኡሁሩ ከጎናቸው ናቸው፤ ተፎካካሪው ደግሞ የኡሁሩ ምክትል ዊሊያም ሩቶ። ኮሚሽኑ የእያንዳንዱን ጣቢያ 34ኤ ፎቶ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ላይ ለቀቀ። ከ46,000 በላይ ቅጽ። ጋዜጦች ለራሳቸው ደመሩ። ተማሪዎች ደመሩ። ሰው በስልኩ የሠፈሩን ቅጽ እየከፈተ የጎረቤቱን ፊርማ ያይ ነበር።

ውጤቱ ሲነገር ከሰባቱ የኮሚሽኑ አባላት አራቱ ወጥተው «አንቀበልም» አሉ። ምክንያታቸው ደግሞ ሒሳብ ነበር። የአራቱ ዕጩዎች መቶኛ ሲደመር 100.01 ይመጣል፤ ትርፏ 0.01 በመቶ ወደ 142,000 ድምፅ ናት አሉ። ኬንያውያን ስልካቸውን አውጥተው አባዙት። 0.01 በመቶ የ14.2 ሚሊዮን ድምፅ 1,420 ገደማ ነው። ትርፏም ቁጥር ከማጠጋጋት የመጣች ናት። ነሐሴ 30 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በአዲሷ ዋና ዳኛ በማርታ ኩሜ እየተመራ፣ የራይላን አቤቱታ በሙሉ ድምፅ ውድቅ አደረገ። ሰርቨሩ በዚህ ጊዜ ተከፍቶ ነበር።